ለጉሮሮ ኢመርጀንሲ፣ ለደረት ዝንጅብል

ዋሽንግተንና ዙሪያዋን የምንኖር ሐበሾች የምንታከመው በተገለበጠ ሥርዓት ነው። ጉሮሮው የከረከረው ጎረምሳ በእኩለ ሌሊት ኢመርጀንሲ ሄዶ እስኪነጋ ወንበር ላይ ሲያንቀላፋ ያድራል። ደረቱን ጨምድዶ የያዘው፣ ግራ ክንዱ የደነዘዘበት የሃምሳ አምስት ዓመት ታክሲ ነጂ ደግሞ «ጨጓራዬ ተነስቶብኝ ነው» ብሎ ዝንጅብል እየጠጣ ሺፍቱን ይጨርሳል። የመጀመሪያው ከወር በኋላ የሚያስደነግጥ ቢል ይደርሰዋል። ሁለተኛው ቢል እስኪመጣ የሚቆይበት ዕድሜ ላያገኝ ይችላል። ሁለቱንም እያየን «ምን ይደረግ፣ አሜሪካ ነው» እንላለን። እኔን ይህ «ምን ይደረግ» የሚሉት ነገር አንገሽግሾኛል።

የማወራው ከሰው ሰምቼ አይደለም። እንግሊዝኛ ትሞክራለች የተባለች ሴት በዚህ ከተማ ዕጣዋ የታወቀ ነው። ስልኳ በሌሊት ይጮኻል፤ «እባክሽን እናቴን ይዘን ኢመርጀንሲ ነን፣ የሚሉት ነገር አልገባንም» ትባላለች፤ ትነሳለች፣ ትሄዳለች። የእነዚያን መጠበቂያ ክፍሎች ጠረን፣ ድምፁ የተዘጋውን ቴሌቪዥን፣ ብር ውጦ ቺፕሱን የሚያስቀረውን ማሽን አውቀዋለሁ። ሜሪላንድ ደግሞ ትብሳለች፤ የኢመርጀንሲ ወረፋዋ በመላ አገሪቱ ከረጅሞቹ ተርታ ከተሰለፈ ዓመታት ተቆጥረዋል።

አንድ ሌሊት ያየሁትን ልንገራችሁ። ከክረምት ጃኬት ላይ ነጠላ የደረቡ እናት ተቀምጠዋል። አጠገባቸው፣ ቢበዛ ዘጠኝ ዓመት ቢሆነው ነው፣ የልጅ ልጃቸው አለ። ነርሷ መጣችና በቀጥታ ለልጁ፣ አያትህን ሽንት ስትሸና ያቃጥላት እንደሆነ ጠይቅልኝ አለችው። ልጁ ፊቱ ተለዋወጠ። ጫማውን እያየ፣ በተሰባበረ አማርኛ፣ «ምግብ በልተሻል ወይ ነው የምትለው» አላቸው። እሳቸውም «ጾም አይደል እንዴ ልጄ፣ ምንም አልቀመስኩም» አሉ። ልጁ «ኖ» አለ። ነርሷም «ኖ» ብላ ጻፈች።

ከኋላቸው ተነስቼ «እማማ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና የተጠየቁት ሌላ ነው» አልኳቸው። ለሦስት ቀን ሲያቃጥላቸው ከርሟል። የመጡበት በሽታ የትኛውም የሰፈር ክሊኒክ ሽንት ተቀብሎ በደቂቃዎች ውስጥ በወረቀት ቁራጭ የሚለየው፣ መድኃኒቱም ያን ጊዜውኑ የሚታዘዝለት ነው። እሳቸው ግን ከምሽት ጀምሮ እዚያ ወንበር ላይ ናቸው። ሐኪም ያያቸው ወፎች መንጫጫት ሲጀምሩ ነው።

በነገራችን ላይ፣ እዚያ የተደረገው ከሕግ ውጪ ነው። በ2010 የወጣው የጤና ሕግ፣ ኦባማኬር የምንለው፣ የፌዴራል ገንዘብ የሚቀበል ሆስፒታልም ሆነ ክሊኒክ ነፃ አስተርጓሚ እንዲያቀርብ ያስገድዳል። ነፍስን ለማዳን ደቂቃ የማይሰጥ ሁኔታ ካልሆነ በቀር ሕፃን ልጅን አስተርጓሚ ማድረግ አይፈቀድም። ስልክ አለ፣ ቪዲዮ አለ፤ አማርኛ ደግሞ በዚህ አካባቢ ብርቅ ቋንቋ አይደለም። የዲሲ አስተዳደር በ2004 ባወጣው የቋንቋ ሕግ መሠረት ዋና ዋና ሰነዶቹን ከሚያስተረጉምባቸው ጥቂት ቋንቋዎች አንዱ ነው። እኛ ግን አንጠይቅም። «ልጁ ያስተረጉምልኛል» ብለን እንኮራለን። አያቱን ስለ ሽንቷ እንዲጠይቅ የተገደደ ልጅ ምን ያህል እንደሚሸማቀቅ ማን አስቦለት?

ለመሆኑ ሰዎቻችን ለምን ኢመርጀንሲ ይሮጣሉ? ኢንሹራንሶቹ «አላዋቂ ስለሆኑ ነው» የሚል መልስ አላቸው። ይህ ስድብ ነው። እናቶቻችን ይህን አገር ከብዙዎቹ መካሪዎቻቸው በተሻለ አንብበውታል። በ1986 የወጣ ሕግ አለ፤ ሜዲኬር የሚቀበል፣ ኢመርጀንሲ ያለው ሆስፒታል ሁሉ በሩ የደረሰን ሰው ገንዘብ አለህ ወይ፣ ወረቀት አለህ ወይ ሳይል መመርመር፣ ለሕይወቱ የሚያሰጋ ነገር ካለም ማረጋጋት ግዴታው ነው። በዚህ አገር የጤና ሥርዓት ውስጥ ሌሊቱን ሙሉ ክፍት ሆኖ የሚያድር፣ ሳያይህ መልሶ ሊሰድህ የማይችል በር እሱ ብቻ ነው። ጥግ ላይ ያለው አርጀንት ኬር ይህ ግዴታ አብዛኛውን ጊዜ የለበትም፤ መጀመሪያ ካርድህን ያያል፣ ከሌለህ ገንዘቡን በቅድሚያ ይጠይቃል። የቤተሰብ ሐኪሙ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ይዘጋል። ሁለት ሥራ የሚሠራ ሰው አሥራ አንድ ሰዓት ላይ የት ነው? ከአንዱ ሥራ ወደ ሌላው እየነዳ ነው። ታዲያ ክፍት ሆኖ ወዳገኘው በር ቢሄድ ጥፋቱ ምኑ ላይ ነው?

ሕጉ በሩን ከፈተ እንጂ ሂሳቡን አልዘጋም። ለሕዝባችን ማንም ያልነገረው ይህን ነው። ሕጉ ነፃ ነው አይልም፤ ሕክምናው ካለቀ በኋላ ቢሉ ይከተላል፣ እሱም አንድ ፖስታ አይደለም። ሆስፒታሉ ለክፍሉና ለዕቃው፣ ሐኪሙ ለራሱ፣ ራጅ ከተነሳ ያነበበው ሰው ደግሞ ለብቻው ይልካል። ቁጥሩን ተመልከቱት፤ ስትገቡ ነርሷ ከ1 እስከ 5 ትመድባችኋለች፣ 1 ማለት ለሞት የተቃረበ፣ 5 ማለት ይቆይ የሚባል። የሐኪሙ ቢል ሲመጣም ከ1 እስከ 5 ደረጃ አለው፤ እዚያ ግን ውዱ 5 ነው። እንደ ተርታ ሰው ጠብቀህ እንደ ከባድ በሽተኛ ልትከፍል ትችላለህ። አርጀንት ኬር ኢንሹራንስ ለሌለው ሰው ብዙውን ጊዜ ከ100 እስከ 250 ዶላር የሚጨርሰው የጉሮሮ ሕመም፣ ኢመርጀንሲ ሲሄድ ከሺህ በላይ ቢል ይዞ ቢመጣ የሚገርመው አዲስ መጤ ብቻ ነው።

ኢንሹራንሶቹ ደግሞ ለዚህ ያገኙት መፍትሔ በሽተኛውን መቅጣት ነው። አንተም የተባለው ግዙፍ ኩባንያ በ2017 እንደ ጆርጂያና ሚዙሪ ባሉ ግዛቶች፣ ኢመርጀንሲ ሄደህ በኋላ ሕመምህ ቀላል ሆኖ ከተገኘ አልከፍልም የሚል አሠራር ይዞ ብቅ አለ። እስቲ አስቡት። ደረቴን ወጋኝ ብለህ ሄድክ፣ ቃር ነው ተባልክ፣ ቃር መሆኑን ከሐኪሙ በፊት ማወቅ ነበረብህ ነው ነገሩ። ዶክተሩ ኢኬጂ አንስቶ፣ ደም መርምሮ የደረሰበትን አንተ ሶፋህ ላይ ተኝተህ ድረስበት! ሐኪሞች ጮኹ፣ ኩባንያውም ተከሰሰ። ጩኸታቸው ትክክል ነበር፤ የፌዴራል ሕጉ ራሱ የሚመዝነው አንድ አስተዋይ ተራ ሰው በዚያ ሰዓት ምን ሊሰማው ይችል ነበር በሚል ነው፣ መጨረሻ ላይ በተገኘው በሽታ ስም አይደለም። ስለዚህ ማንም ተነስቶ ኢመርጀንሲ ለምን ሄድክ ብሎ እንዲገስጸን አልፈቅድም። ሌላውን በር ክፈቱና ያን ጊዜ እንነጋገር።

ሌሎች በሮች ደግሞ የሉም ማለቴ አይደለም። አሉ፤ የእኛ ሰው እንዳያያቸው ሆነው ነው እንጂ። ኢንሹራንስ ካርዳችሁ ጀርባ ላይ በደቃቅ ፊደል የተጻፈ የነርስ ስልክ ይኖራል፤ ስንቶቻችን ገልብጠን አይተነዋል? ፋርማሲስቱ ያለ ቀጠሮና ያለ ክፍያ ያማክራል። ልጅ መድኃኒት ወይም ኬሚካል ቢጠጣና ደህና መስሎ ቢታያችሁ፣ 1-800-222-1222 ሃያ አራት ሰዓት ሰው ያነሳዋል፣ በአስተርጓሚም ይረዳል፤ ብዙውን ጊዜ ከቤት ሳትወጡ ያልቃል። ዲሲ ደግሞ ከ2018 ጀምሮ ያደረገው ነገር ከልብ ያስደስተኛል። 911 ደውለህ ሕመምህ አምቡላንስ የማይፈልግ ከሆነ ጥሪው ወደ ነርስ ይዞራል። ነርሷ ጠይቃህ በአቅራቢያህ ካለ ክሊኒክ ቀጠሮ ታስይዝልሃለች፤ ሜዲኬድ ላለው ሰው መኪናም ይላክለታል። እዚያው ከተማ አሥር ዓመት የኖሩ ሰዎችን ጠይቄ ሰምተውት አያውቁም። በአማርኛ ሬዲዮኖቻችን ላይ የሬስቶራንት ማስታወቂያ በየሩብ ሰዓቱ ይነገራል፤ ይህ ግን አንድ ጊዜ እንኳ ሲነገር አልሰማሁም።

ከሁሉም የሚቆጨኝ የማኅበረሰብ ጤና ጣቢያዎቹ ናቸው። ታሪካቸው ራሱ ቢነገር ሰው ያኮራል። በ1965 ጃክ ጋይገርና ካውንት ጊብሰን የሚባሉ ሁለት ሐኪሞች ቦስተን ውስጥ ኮሎምቢያ ፖይንት በሚባል የድሆች መኖሪያ የመጀመሪያውን ከፈቱ። ቀጥለው ሚሲሲፒ ወርደው ማውንድ ባዩ ላይ ሌላ አቋቋሙ፤ እዚያ ጋይገር ረሃብተኛ ሕፃናት ሲመጡለት በመድኃኒት ማዘዣ ላይ ምግብ ይጽፍላቸው ነበር፣ ሂሳቡም ከመድኃኒት በጀት ይከፈል ነበር። ከዚያ ዘር የወጡት ጣቢያዎች ዛሬ በመላ አገሪቱ ከ30 ሚሊዮን በላይ ሰው ያያሉ። ዲሲ ላይ ዩኒቲ አለ፣ በ1988 ለስደተኛ እናቶች የተመሠረተው ሜሪስ ሴንተር አለ። ክፍያው በገቢ ልክ ነው፤ ገቢህ ከድህነት ወለል በታች ከሆነ ለስሙ ያህል ትከፍላለህ፣ የወለሉ እጥፍ እስኪደርስ ድረስም ቅናሽ አለህ። መክፈል ስላልቻልክ አይመልሱህም። የመኖሪያ ፈቃድ የላቸውም የሚባሉት ወገኖቻችን፣ ከሁሉም ነገር የሚሸሸጉት፣ እዚያ ሊታከሙ ይችላሉ።

ታዲያ ለምን አይሄዱም? እዚህ ላይ ጣቴን ወደ እኛው ማዞሬ ነው፤ የሚቀየም ይቀየም።

ለእኛ ሆስፒታል ያልተሄደበት በሽታ በሽታ አይደለም። ጠያቂ ሲመጣ «ክሊኒክ ሄጄ ነበር» ማለት ያሳፍረናል፤ «ኢመርጀንሲ ገብቼ፣ ግሉኮስ ተሰክቶልኝ» ስንል ነው ወሬው የሚሞቀው። መርፌ ያልወጋ ሐኪም አላከመንም። «ዶክተር እንኳ አላየኝም፣ ነርስ ናት ያየችኝ» ብሎ የሚያማርር አባት፣ የገዛ ልጁ ነርስ ሆና የምታመጣው ደመወዝ ነው የቤቱን ዕዳ የሚከፍለው! ነርስ ፕራክቲሽነር መርምራ፣ መድኃኒት አዝዛ፣ ጉሮሮህን ልታድን ትችላለች፤ በማስተርስ ደረጃ የተማረች ናት። ልጅህ ስትሆን ኩራት፣ ስታክምህ ውርደት የሚሆነው በምን ሒሳብ ነው?

ከአገር ቤት በሻንጣ የሚመጣውን አሞክሲሲሊንስ ምን ልበለው? ከበርበሬና ከሽሮ ጋር ተጠቅልሎ፣ ለጉንፋንም ለጥርስም ለወገብም። ጉንፋን በቫይረስ የሚመጣ ነው፣ አንቲባዮቲክ አይነካውም፤ የሚተርፈን ተህዋስያኑ መድኃኒቱን ተለማምደው ለከፋው ቀን እንዳይሠራልን ማድረግ ብቻ ነው። ይህንን ስናገር «ድሮ ለእኛ ሠርቶልን» እባላለሁ። ጉንፋን እኮ በሳምንቱ ራሱ ይለቃል፤ ምስጋናውን የሚወስደው ክኒኑ ነው።

እኛ ደግሞ የታችኛውን በር የመናቅ መብት የለንም። አገራችን በኢትዮጵያ አቆጣጠር በ1995 ዓ.ም. የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ስትጀምር ምን አደረገች? ዶክተር የላትም፣ ገንዘብ የላትም፤ ለየገጠር ቀበሌው ሁለት ሁለት ወጣት ሴቶች አንድ ዓመት አሠልጥና፣ ደመወዝ ቆርጣ፣ ጤና ኬላ ሠርታ አስቀመጠች። በጥቂት ዓመታት ከ30 ሺህ በላይ ሆኑ። እየዞሩ ከተቡ፣ ወባ መረመሩ፣ እናቶችን አማከሩ፤ ከአቅማቸው በላይ የሆነውን ወደ ጤና ጣቢያ፣ ከዚያ ወደ ሆስፒታል ይልካሉ። ጉድለቱ ብዙ ነው፤ አዲስ አበባ ላይም ሰው ጤና ጣቢያውን ዘሎ ጥቁር አንበሳ በር ላይ እንደሚሰለፍ አላጣሁትም። ሆኖም ሕመምተኛ በሩ አጠገብ የሚያውቃት፣ በቋንቋው የምትናገር ሰው ያስፈልገዋል የሚለውን ነገር ድሃዋ አገር ገብቷት ነው የሠራችው። ሀብታሟ አሜሪካ ለጉሮሮ ሕመም የሚሆን የሌሊት በር አጥታ ሰው በስካንና በሞኒተር መካከል ታስቀምጣለች።

ቴክሳስ ያላችሁ፣ ዳላስና ሂውስተን፣ ለእናንተ የተለየ ወጥመድ አለ። ከሱፐርማርኬቱ ጎን አዲስ፣ ንጹሕ፣ ወረፋ የሌለው ክሊኒክ ታያላችሁ፤ አርጀንት ኬር ይመስላል። ግዛቱ በ2009 ባወጣው ሕግ ፈቃድ የሚሰጣቸው፣ ከሆስፒታል ውጪ ብቻቸውን የቆሙ ኢመርጀንሲዎች ናቸው። ቢላቸው የኢመርጀንሲ ነው። ሳትቀመጡ አንድ ጥያቄ ጠይቁ፦ አርጀንት ኬር ናችሁ ወይስ ኢመርጀንሲ? ፈገግ እያሉ «ኢንሹራንስዎን እንቀበላለን» ካሏችሁ የጠየቃችሁትን አልመለሱም፤ ደግማችሁ ጠይቁ።

አሁን ወደ ዝንጅብሉ። ይህን ሁሉ ካልኩ በኋላ አንድ ሰው «ኢመርጀንሲ አትሂዱ አለች» ብሎ ቤቱ ቢቀር አልምረውም። ደረት ሲጨምቅ፣ ትንፋሽ ሲያጥር፣ ፊት በአንድ ወገን ሲወድቅ፣ ምላስ ሲተሳሰር፣ አንድ እጅ አልታዘዝ ሲል፣ ደም አልቆም ሲል፣ ሦስት ወር ያልሞላው ሕፃን 38 ዲግሪና ከዚያ በላይ ሲያተኩስ፣ እዚያ ላይ ክርክር የለም። ስትሮክን የደም መርጋት ማሟሟቻ መድኃኒቱ የሚረዳው ሕመሙ ከጀመረ በአራት ሰዓት ተኩል ውስጥ ነው፤ ጸበል አስመጡልኝ፣ ወንድሜን ጥሩልኝ እየተባለ የሚያልፈው እሱ ሰዓት ነው። ወንዶቻችን ደግሞ ልባቸው ሲያማቸው ጨጓራ የሚሉበት ጀግንነት አላቸው። አምቡላንስ ስለሚያስከፍል «ኡበር ጥሩልኝ» ይላሉ። ፍርሃቱ ከሜዳ የመጣ አይደለም፤ ከ2022 ጀምሮ ያልተጠበቀ ቢልን የሚከለክለው የፌዴራል ሕግ የመሬት አምቡላንስን ትቶታል፣ ነውር ነው። አምቡላንሱ ግን መንገድ ላይ ኢኬጂ አንስቶ ለሆስፒታሉ ያሳውቃል፣ ቡድኑ ተዘጋጅቶ ይጠብቃል። ኡበሩ ቀይ መብራት ላይ ይቆማል።

ቢሉ ሲመጣም ሳታነቡ መሳቢያ ውስጥ አትወርውሩት፤ እዚያ ተኝቶ ወደ ዕዳ ሰብሳቢ ይሄዳል። ትርፍ አልባ የሚባሉት ሆስፒታሎች፣ አብዛኞቹ ናቸው፣ አቅም ለሌለው ሰው ሂሳብ የሚቀንስ ወይም የሚሠርዝ ደንብ እንዲኖራቸው በሕግ ይገደዳሉ። የመጀመሪያው ቢል ከወጣ 240 ቀን ድረስ ማመልከት ትችላላችሁ። በአገልግሎት ክልላቸው አንድ ሺህ የሚሆን እንግሊዝኛ የማይችል አማርኛ ተናጋሪ ካለ ደንቡን በአማርኛ ማቅረብም አለባቸው፤ በሲልቨር ስፕሪንግና በአሌክሳንድሪያ ሺህ ሐበሻ ማግኘት ያስቸግራል የሚል ይምጣ! ሜሪላንድ ደግሞ ገቢው ከድህነት ወለል እጥፍ ያልበለጠ ቤተሰብ የሚያስፈልገውን የሆስፒታል ሕክምና በነፃ እንዲያገኝ ታዝዛለች። ይህን የሚነግራችሁ የሂሳብ ክፍል አልገጠመኝም። የክፍያ ዕቅድ እንድትፈርሙ ነው የሚጣደፉት።

በመጨረሻ ነገሬ ከቤተ ክርስቲያን ሰበካዎች፣ ከመስጊድ ኮሚቴዎች፣ ከዕድሮችና ከማኅበራት ጋር ነው። ሰው ሲሞት እንዴት እንደምንረባረብ አውቃለሁ፤ በሁለት ቀን ውስጥ አስከሬን አገር ቤት መላኪያ ብር ይሞላል፣ ማንም «ከየት ይመጣል» አይልም። ሰው በሕይወት እያለ፣ በማታ ልጁ ጆሮውን ሲያመው፣ የሚደውልበት አንድ የአማርኛ ቁጥር ግን የለንም። በዚህ አካባቢ ያሉት ሐበሻ ነርሶች ስንት እንደሆኑ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ አዳራሹን ቃኙ። ተራ ገብተው በምሽት ስልክ የሚያነሱ፣ «ይህ ነገ ክሊኒክ ይደርሳል፣ ይሄኛው ግን አሁኑኑ 911» የሚሉ ሰዎች ከመካከላቸው አይጠፉም። ዶክተር መሆን የለባቸውም፤ በር መጠቆም ነው ሥራቸው።

ሰበብ እንደሚደረደርልኝ አውቃለሁ። ፈቃድ? ሜሪላንድና ቨርጂኒያ ሁለቱም የነርሶች ፈቃድ ስምምነት አባል ናቸው፤ በአንዱ የተሰጠ የስምምነቱ ፈቃድ በሌላውም ይሠራል። ክስ ቢመጣስ? ኢንሹራንስ ይገዛል፣ ምን መባል እንዳለበት ሐኪሞች ጽፈው ይሰጣሉ፣ ጠበቆችም ሞልተውናል። ገንዘብስ? ለአዲሱ ፓርኪንግ ባለፈው ስንት እንደተሰበሰበ በድምፅ ማጉያ ሲነገር ሁላችንም ሰምተናል፤ የስልኩ መስመር የዚያን አንድ አሥረኛ እንደማይፈጅ እወራረዳለሁ።